ቢራቢሮው የት ጠፋ? የውኃ ተርቡስ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ያደግኩት ጅማ ነው። ጓሯችን በቢራቢሮ የተሞላ ነበር፤ ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ጭራ ያለው ቢጫው። አሁን አዲስ አበባ ግቢዬን በአበባ ሞልቼዋለሁ፤ የሚመጡት ግን ያው ሁለት ሦስት ዓይነት ናቸው። አበባዬ ምን ጎደለው?

መልስ፦ አበባዎ ምንም አልጎደለውም፣ እናቴ። የጎደለው ቅጠል ነው። ቢራቢሮ አበባ የምትቀስመው ካደገች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አባጨጓሬ ናት፣ አባጨጓሬ ደግሞ ምግብ ትመርጣለች። እናትየው እንቁላሏን የምትጥለው ልጆቿ በሚበሉት ተክል ላይ ነው፣ ያ ተክል በአካባቢው ከሌለ ግቢው በጽጌረዳ ቢያሸበርቅም ቀስማ ታልፋለች እንጂ አትሰፍርም።

ያ ጭራ ያለው ቢጫ ቢራቢሮ ምናልባት ሳይንቲስቶች ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚሉት ይሆናል። አባጨጓሬው የሚበላው የሎሚ ዘመድ የሆኑ የጫካ ተክሎችን ነው፤ ልምጭ አንዱ ነው። ስለዚህ ቢራቢሮ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እኔን ሁሌም ይገርመኛል። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቷ ጭራ የላትም፤ ወፎች እንዳይበሏት መርዛማ የሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን መስላ ነው የምትኖረው፣ ያውም እንደየአገሩ በተለያየ መልክ። በኢትዮጵያ ደጋ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ልክ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለጭራ ናቸው። ያው አንድ ዝርያ ሆኖ የእኛው ተራራ ላይ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል ማለት ነው።

ከፍታውም አለ። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝናቧም ብዙ፣ ጫካዋም ቅርብ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ዙሪያዋን ያለው ዛፍ ደግሞ በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ስለሆነ ለአብዛኞቹ የአገራችን አባጨጓሬዎች ምግብ አይሆንም።

አንድ የሎሚ ዛፍ ይትከሉ። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለች ትንሽ አባጨጓሬ ካዩ እባክዎ መድኃኒት አይርጩባት። ስትነኳት ከራሷ ጀርባ ቀይ ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥታ መጥፎ ሽታ ትለቃለች፣ አይደንግጡ፣ ሌላ ጉዳት የላትም። ያቺ ናት በኋላ ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ የምትሆነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ ተማሪ ነኝ። ዝናብ ሲጥል ሜዳው ላይ ወርቃማ የውኃ ተርቦች በመንጋ ይመጣሉ። በአቅራቢያችን ሐይቅ የለም። ከየት ነው የሚመጡት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ አይተሃል። እንደገለጽከው ከሆነ ፓንታላ ፍላቬሴንስ የሚባለው ነው፣ ከዓለም የውኃ ተርቦች ሁሉ ሰፊ አገር የሚያካልለው። ሐይቅ አይፈልግም። ነፋስ ተከትሎ ዝናብ ወዳለበት ይሄዳል፣ ዝናቡ ባቆረው ውኃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭም ኩሬው ሳይደርቅ በስድስት ሳምንት ገደማ አድጎ ይበራል። በጥቅምት ወር ማልዲቭስ ደሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ እዚያ ወንዝም የለም። ቻርልስ አንደርሰን የተባለ ባዮሎጂስት በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ጥናት፣ እነዚህ ነፍሳት ከሕንድ ተነስተው ውቅያኖሱን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚደርሱ አስረድቷል። አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ፍጥረት!

ጥያቄ፦ ልጄ የውኃ ተርብ ይናደፋል ብላ ትፈራለች። እውነት ነው?

መልስ፦ አይናደፍም። መናደፊያ የለውም። ስሙ ነው ሰውን ያሳሳተው፤ ከተርብ ጋር ዝምድና የለውም። እንዲያውም እጩ የወባ ትንኝ እጭ ይበላል፣ ስለዚህ ልጅቷን አጠገቡ ቁጭ አድርገሽ አሳያት።

ጥያቄ፦ ከቦንጋ ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ የውኃ ተርብ አለ ሲባል ሰማሁ። የት ልፈልገው?

መልስ፦ አለ፣ ደግሞ አንተ ካለህበት ብዙም አይርቅም። በአገራችን ከ100 በላይ የውኃ ተርብ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አሥር ያህሉ ከዚህ ውጪ የትም የሉም። ከእነሱ አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ከከፋ የመጣ ነው፣ ፕሱዳግሪዮን ካፊነም።

እነዚህን የምትፈልጋቸው በተራራ ጅረት ዳር ነው። ታዲያ ለምን ሐይቅ ዳር አይገኙም? በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ የምታያቸው አብዛኞቹ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚገኙ ናቸው። የቆመ ውኃ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይደርቃል፤ እዚያ የሚኖር ነፍሳት መንገደኛ መሆን አለበት። የተራራ ምንጭ ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥላ አለው፣ ስለዚህ እዚያ የለመደ ከቤቱ አይወጣም። ደጋችን ደግሞ በሞቃታማና ደረቅ ቆላ የተከበበ ደሴት ነው፤ ያ ነፍሳት ወደ ኬንያ ተራሮች ልሻገር ቢል መሃሉ በረሃ ነው። በዚህ ሁኔታ ብዙ ሺህ ዓመት ለብቻው ሲኖር ሌላ ዝርያ ሆኖ ቀረ። ይህ ማለት ደግሞ አንድ ጅረት ዳሩ ከተመነጠረና ውኃው ከደፈረሰ መሄጃ የለውም ማለት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸ ነው።

ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ዛፍ ወዳለበት ጅረት ሂድ። ከሚበረው በፊት ግን ከውኃው ዳር ያለውን ሣርና ድንጋይ ተመልከት። እጩ ከውኃ ወጥቶ ሲለወጥ ባዶ ቆዳውን እዚያው ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ደርቆ ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። የሚበረው ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው ካለ ግን እዚያው ጅረት ውስጥ ነው ያደገው። ፎቶ አንሳውና ላክልን።