ሰዓትሽ ሲቆረጥ፣ የባልሽ ኤስኤስአይ እና የእቁቡ ዕጣ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነሽ፣ በሰዓት 17 ዶላር፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚከፈልሽ። ከገና በኋላ በሳምንት ከ36 ሰዓት ወደ 20 አወረዱሽ። ባለቤትሽ በሕመም ምክንያት ኤስኤስአይ (ሶሻል ሴኩሪቲ ገቢና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ አካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ) ያገኛል፣ ልጅ የላችሁም። የ5,000 ዶላር እቁብ ሊደርስሽ ነው። በዚህ መሐል ሶሻል ሴኩሪቲ የባንክ ስቴትመንት አምጡ ብሎ ጻፈ። «ሰዓቴ መቀነሱን ልናገር ወይስ ዝም ልበል? እቁቡንስ እህቴ አካውንት ላስገባው?» ነው ያልሽው። ከጥያቄሽ ስር «ዝም በይ፣ ገንዘቡን እህትሽ ጋ አስቀምጪው» ያሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ግን ሁለቱም ምክር ገንዘብ ያሳጣሻል። የዚህን ቢሮ ፎርም ስሞላ ዓመታት ስላለፉኝ መሠረታዊውን ትቼ ቀጥታ ልግባ።

1. የሰዓትሽን መቀነስ ዛሬ ነገ ሳትዪ አሳውቂ። ሰው የሚሳሳተው «መንግሥት ስለ ሥራዬ ባወቀ ቁጥር ይቆርጥብኛል» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ያንቺ ደመወዝ በባልሽ ክፍያ ላይ ስለሚታሰብ፣ ደመወዝሽ ሲወርድ የሱ ክፍያ ይወጣል። ሒሳቡ ይኸው፦ በፈረንጆች 2026 የፌዴራሉ ከፍተኛ ክፍያ ለአንድ ሰው 994፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው። ከታክስ በፊት ካለው ደመወዝሽ መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 65 ይቀነሳል፤ የቀረው ለሁለት ይካፈላል፤ ግማሹ ከ1,491 ላይ ይነሳል። 36 ሰዓት ስትሠሪ በሁለት ቼክ 2,448 ታገኚ ነበር፤ ስለዚህ የሱ ድርሻ 309.50 ነበር። በ20 ሰዓት ሁለት ቼክሽ 1,360 ነው፤ የሱ ክፍያ 853.50 ይሆናል። ዝም ብትዪ በየወሩ 544 ዶላር ጥለሽ ነው የምትሄጂው።

ሪፖርቱ የሚገባው ደመወዙን በተቀበልሽበት ወር ማግሥት፣ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ነው። በስልክ አፕ ይቻላል፣ በአውቶማቲክ ስልክ ይቻላል፣ ቢሮ ሄዶ ፔይስተብ (የደመወዝ ወረቀት) መስጠትም ይቻላል። ቢሮ ከሄድሽ ደረሰኝ ሳትይዢ አትውጪ። «ነግሬያቸው ነበር» የሚለው ቃል ከዓመት በኋላ ዋጋ የለውም፤ ቀን ያለበት ወረቀት ግን ዋጋ አለው። አስተርጓሚም በነፃ ያቀርባሉ፤ «አማርኛ» ካልሽ በስልክ ያገናኙሻል። ጎረቤት ይዘሽ ሄደሽ ጓዳሽን ሁሉ ማስሰማት የለብሽም።

2. የሁለት ወር ልዩነቱን እወቂ። ሱቅ ውስጥ የሚሠራን ሰው በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው፣ ግን ማንም አያወራውም። የአንድ ወር ኤስኤስአይ የሚሰላው ከሁለት ወር በፊት በነበረው ገቢ ነው። ፌብሩዋሪ መግቢያ ላይ የሚከፍሉት የዲሴምበርን ደመወዝ አይተው ነው። ዲሴምበር ደግሞ ኦቨርታይም የሚሠራበት፣ ሺፍት የሚደራረብበት ወር ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ ማናጀሩ ሰዓት ይቆርጣል፣ ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ኤስኤስአዩ በገና ደመወዝ ተሰልቶ ከምንጊዜውም አንሶ ይመጣል። የጃንዋሪው ቅናሽ የሚታየው ማርች ላይ ነው። በዚያ መሐል «ተሳስተው ነው» ብለሽ አትጨቃጨቂ፤ ይልቅ የቤት ኪራይ የሚሸፈንበትን አስቀድመሽ አስቢበት።

ሦስት ቼክ የሚወድቅበት ወርም አለ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ያጋጥመዋል። የሚቆጠረው የተሠራበት ቀን ሳይሆን የተከፈለበት ቀን ስለሆነ፣ በ20 ሰዓትሽ እንኳ ሦስት ቼክ 2,040 ይሆንና የሱ ክፍያ ለዚያ ስሌት ወደ 513.50 ይወርዳል። በ36 ሰዓት ቢሆን ሦስት ቼክ 3,672 ስለሚሆን ጭራሽ ዜሮ ነው። ካላንደር ላይ እነዚያን ሁለት ወሮች ምልክት አድርጊባቸው።

3. አሁን ወደ እቁቡ። እዚህ ላይ 1፣ 2 እያልኩ መቁጠሩን ልተወው፣ ነገሩ ሰፊ ነው።

ደመወዝ ክፍያን ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። ንብረት ግን እንደዚያ አይደለም፤ ገደቡን ባለፍሽበት ወር ሙሉው ክፍያ ይሄዳል። ገደቡ ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው፤ ያንቺም ገንዘብ ከሱ ጋር ይደመራል። ይሄ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ በ3,000 ዶላር ደህና መኪና ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሁለት ወር ኪራይ እንኳ አይሞላም። ከላይ የጠቀስኳቸው 20 እና 65 ዶላርማ ፕሮግራሙ በ1974 መክፈል ሲጀምር የነበሩት ናቸው። ይህን ኮንግረስ ያስተካክለው፤ እኛ እስከዚያው በቀኑ እንጫወት።

ቀኑ የወሩ 1ኛ ቀን ነው። የሚያዩት ወሩ ሲገባ አካውንታችሁ ውስጥ ያለውን ነው። በወሩ መሐል 6,000 ገብቶ ከመጨረሻው ቀን በፊት በአግባቡ ከወጣ በንብረትነት አይቆጠርም። ስለዚህ አካውንታችሁ ውስጥ 1,100 ዶላር ካለና ዕጣው በ27 ከወጣልሽ፣ ወሩ ሲገባ 6,100 ይዛችሁ ትገኛላችሁ፣ የዚያ ወር 853.50 ዶላርም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ያው ዕጣ በ3 ቢወጣልሽ ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ጊዜ አለሽ። የእቁቡን ዳኛ ተራ አቀያይሩልኝ፣ ወይም ክፍያው ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይሁንልኝ በዪው። ተራ መለዋወጥ ድሮም ያለ ነገር ነው፣ ምክንያቱን መናገርም የለብሽም።

ወረቀትም አዘጋጂ። በዜል የመጣ 5,000 ዶላር ስቴትመንት ላይ የሚታየው የሰው ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ ካልተብራራ እንደ ገቢ ሊታይ ይችላል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የአባላቱ ቁጥር 10፣ መዋጮው በወር 500፣ እስካሁን የከፈልሽው ስንት እንደሆነ፣ ዕጣው የወጣበት ቀን፣ ገና የምትከፍዪው ቀሪ ስንት እንደሆነ፣ የዳኛውና የጸሐፊው ፊርማ። አራት ጊዜ ከፍለሽ ከሆነ 2,000ው የራስሽ ገንዘብ ነው፣ 3,000ው ደግሞ ገና የምትመልሺው ዕዳ ነው። ብድር ገቢ አይባልም። ግን በሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ሳይወጣ ከቀረ፣ ብድርም ይሁን ምን፣ ንብረት ሆኖ ይቆጠራል።

«እህቴ አካውንት ላስገባው» ላልሽው፦ አታድርጊው። እህትሽ ላንቺ ብላ ከያዘችው አሁንም ያንቺ ነው። «ሰጠኋት» ካልሽ ደግሞ ያለ ዋጋ ንብረት ማስተላለፍ ይባላል። የሚስት ስጦታም በባል ላይ ይቆጠራል። 36 ወር ወደኋላ ያያሉ፣ የተሰጠውን ገንዘብ ለወርሐዊው ክፍያ ያካፍሉና ለዚያን ያህል ወር ይዘጋሉ። 4,000 ዶላር ለ994 ሲካፈል አራት ወር ነው። ከዕጣው ላይ ትልቁን ቆንጥሮ አገር ቤት ለእናት መላክም በነሱ ዓይን ስጦታ ነው፤ ልብ ቢያምም ነገሩ እንደዚያ ነው። አያውቁም ብለሽም አትመኚ። ባልሽ ሲያመለክት በፈረመው ፈቃድ መሠረት ባንኮችን በኤሌክትሮኒክስ ይጠይቃሉ፤ ያልነገርሻቸውም አካውንት ይወጣል።

ታዲያ ገንዘቡን የት ታድርጊው? ዕዳ ክፈዪ፦ ክሬዲት ካርድ፣ የቆየ ኪራይ፣ የጥርስ ሐኪም። ለመጓጓዣ የምትጠቀሙበት አንድ መኪና ዋጋው ስንትም ቢሆን ስለማይቆጠር፣ ጎማውንና ፍሬኑን የምታስጠግኚው አሁን ነው። የቤት ዕቃም አይቆጠርም። ለቀብር ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላር ለያንዳንዳችሁ ይፈቀዳል፤ ከሌላ ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ ግን አይሠራም። ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያዢ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ኤብል አካውንት (ለአካል ጉዳተኞች የተፈቀደ የቁጠባ ሒሳብ) ነው፤ ብዙ ሐበሻ ግን አልሰማውም። ድሮ አካል ጉዳቱ ከ26 ዓመት በፊት ለጀመረው ሰው ብቻ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሁሉ ተፈቅዷል። የባልሽ ሕመም ከ46 በፊት ከጀመረ በስሙ ክፈቱለት፤ ሜሪላንድ የራሷ ፕሮግራም አላት፣ በኦንላይን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ያለው እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም፣ አንቺ ብታስገቢለትም ስጦታ ተብሎ አይቀጣም፤ የዓመት ጣሪያ ግን አለው። አንድ ጥንቃቄ፦ ለኪራይ ብለሽ ያወጣሽውን ገንዘብ በዚያው ወር ክፈዪው፣ ካደረ ይቆጠራል።

እንግዲህ ባልሽ ራሱ የእቁብ ወይም የእድር ገንዘብ ያዥ ከሆነ ዛሬውኑ ለሌላ ያስረክብ። በሱ ስም ወይም በጋራ አካውንት የገባ ገንዘብ ሁሉ የሱ ነው ብለው ይነሳሉ፤ አይደለም ብሎ ማስረዳት የናንተ ሸክም ይሆናል። ማስረዳት ይቻላል፦ ማን መቼ እንዳስገባ በስቴትመንት ማሳየት፣ የሌላው ባለቤት የፈረመበት ወረቀት፣ ከዚያም ስምን ከአካውንቱ ማስወጣት ነው። ግን ወራት ይፈጃል። ለአባት ወይም ለአጎት «ለማንኛውም» ተብሎ ስሙ የገባበት አካውንትም እንደዚሁ። አገር ቤት ያለ ቦታ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የባንክ ደብተርም ይቆጠራል፤ «እዚያ ስላለ አያዩትም» የሚባለው የቡና ወሬ ነው።

ሰዓት ሲቆረጥ ሰው ቶሎ የሚሮጥበት ሌላው ነገር 401ኬ፣ የመሥሪያ ቤቱ የጡረታ ቁጠባ ነው። አትንኪው። የሚስት የጡረታ ሒሳብ እዚያው እስካለ ድረስ በባልየው ንብረት ላይ አይደመርም። ካወጣሽው ግን ይቆጠራል፤ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከሆነም ከታክሱ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለው። ካሉሽ ገንዘቦች ሁሉ ጥላ ያለው እሱ ነው፣ ሰው ግን መጀመሪያ እሱን ያፈርሳል።

በከፊል ሥራ አጥነት አን-ኢምፕሎይመንት ስለመጠየቅ ያነሳሽው፦ ሜሪላንድ በሳምንት ቢበዛ 430 ትከፍላለች፣ ከሳምንት ደመወዝሽ የመጀመሪያውን 50 ብቻ ትታ የቀረውን ትቀንሳለች። በ20 ሰዓት ላይ የሚተርፍሽ ነገር ያለ አይመስለኝም። ወደ 10 እና 12 ሰዓት ካወረዱሽ ጠይቂ፤ ግን ይሄ ገንዘብ እንደ ደመወዝ በግማሽ ሳይሆን ከ20 ዶላሩ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከባልሽ ክፍያ ላይ እንደሚነሳ አውቀሽ ግቢበት።

ፉድ ስታምፕ፣ የምግብ ድጎማው፣ ሌላ ዓለም ነው። ሜሪላንድ ለአብዛኛው ቤተሰብ ባንክ ውስጥ ያለውን አታይም፣ ስለዚህ የ3,000ውን ፍርሃት እዚያ አታምጪው። እዚያ የሚያሰጋሽ የሰዓት ቁጥር ነው። ከ14 ዓመት በታች ልጅ የሌለው፣ እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው በወር 80 ሰዓት ካልሠራ በ36 ወር ውስጥ ሦስት ወር ብቻ ነው የሚያገኘው። በሳምንት 20 ሰዓት በወር 86 ገደማ ነው፣ ታልፊያለሽ። ማናጀሩ ወደ 18 ካወረደሽ ግን 78 ነውና ትወድቂያለሽ። ለሱ ሁለት ሰዓት ምንም አይደለችም፣ ላንቺ የወር አስቤዛ ናት፤ ይህን ፊት ለፊት ንገሪው። ባልሽን የምታስታምሚው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነሽ። የሐኪሙን ደብዳቤ ያዢ፣ «ራሱን ችሎ መኖር አይችልም፣ የምትንከባከበው ሚስቱ ናት» ይበል፤ ያለ ደብዳቤ ማንም አይጠይቅሽም፣ ዝም ብለው ይዘጉታል።

የመደብሩ ኢንሹራንስ ከ30 ሰዓት በታች ስትሆኚ ሊቋረጥ ይችላል። ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ የስቴቱ የጤና መድን መመዝገቢያ በሆነው በሜሪላንድ ኸልዝ ኮኔክሽን ተመዝገቢ። በዚህ ገቢሽ ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የመንግሥት የጤና መድን) ሊደርስሽ ይችላል፣ ለአዋቂዎች የሚሰጠው ሜዲኬድ ንብረት አይጠይቅም። የባልሽ ሜዲኬድ ግን ከኤስኤስአዩ ጋር የተያያዘ ነው። ክፍያው በንብረት ምክንያት 12 ወር በተከታታይ ከተቋረጠ ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። 853ቱ ዶላር ከሐኪሙና ከመድኃኒቱ ቢል ጋር ሲተያይ ትንሹ ኪሳራ ነው።

የደረሳችሁ ደብዳቤ የየጊዜው ማጣሪያ ነው፣ ክስ አይደለም። በተባለው ቀን ስቴትመንቱን፣ ፔይስተቦቹን፣ የእቁቡን ገጽ አያይዛችሁ መልሱ፤ መልስ ካላገኙ ያቆሙታል። ማናጀሩ ሰዓትሽን በአፍ ብቻ ከሆነ የቀነሰው ከኤችአር (ከሠራተኛ አስተዳደር) አንድ መስመር ወረቀት ጠይቂ። «ክፍያው ይቆማል» ወይም «ትርፍ ተከፍሏችኋል» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጣ፣ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ነው፣ ፎርሙ ኤስኤስኤ-561። በ10 ቀን ውስጥ ካስገባችሁ ውሳኔው እስኪታይ ክፍያው አይቆምም። ትርፉ ትክክል ሆኖ መመለስ ካልቻላችሁና ጥፋቱ የናንተ ካልሆነ፣ ዕዳው ይማርልን ብሎ የሚጠይቀው ፎርም ኤስኤስኤ-632 ነው። ሁለቱ ፎርሞች የተለያዩ ናቸው፣ አንዱን ሞልተው የሌላውን መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ባልሽ ለፋሲካ አገር ቤት ሊሄድ ካሰበ ከ30 ቀን በታች ይሁን። 30 ቀን ከሞላ ክፍያው ይቆማል፣ ተመልሶ ሌላ 30 ቀን እዚህ ካልቆየም አይጀምርም።

አሁን ሁለት ነገር ጻፊልን፦ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀንና የባልሽ ሕመም የጀመረበትን ዕድሜ። ፎቶ ካደረግሽው ስሙንና ቁጥሩን ሸፍኚ።