ወንድሜን ሌሊት የሚያስመሸው አልበም

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ «አሜሪካን ፉትቦል» የሚባል የኢሞ ሮክ (የውስጥ ስሜትን የሚያወጣ የሮክ ዓይነት) ባንድ ይሰማል። የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው ብዙ ሰው የለም ይለኛል። እውነት ነው? ምኑስ ነው እንዲህ የያዘው?
ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። ባንዱን የመሠረቱት አሜሪካ ውስጥ ያለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ልጆች ናቸው። አልበሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ባንዱም ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። አልበሙ ግን አልሞተም። ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ኋላም በኢንተርኔት ተዛመተ። በ2014 እንደገና ሲታተም ልጆቹ ተሰብስበው መድረክ ወጡ። የአልበሙ ሽፋን ላይ ያለውን፣ ኡርባና (Urbana) በምትባል የኢሊኖይ ከተማ የሚገኘውን ቤት ለማየት ከሩቅ የሚሄድ አድናቂ አለ።

ምኑ ያዘው ላልሽው፣ ለእኔ ጊታሩ ነው። ክሮቹን ከተለመደው ውጭ ቃኝተዋቸዋል። ሁለቱ ጊታሮች ሳይጣደፉ ይጠላለፋሉ። ድንገት ትራምፔት ይገባል፤ እሱ ሲገባ እኔም ሆዴ ይባባል! ግጥሙ አጭር ነው፣ መለያየት የበዛበት። አምባሰልና ባቲ እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ፣ በቅኝት ሆድ መባባት እንግዳ አይደለም።

እባክሽ አትቆጪው። አንድ ማታ አጠገቡ ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራችሁ አብራችሁ ስሙት።