ከምዝገባው በፊት ወርክሾፑን ግቡና እዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። የታናሽ ወንድምሽ የ12ኛ ክፍል ውጤት ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ከዘጌ ባሕር ዳር መጥቶ ቴክኒክና ሙያ እንዲገባ አስበሻል። የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል፣ የትኛው ሙያ ያዋጣል፣ ግቢው ውስጥስ ከትምህርት ሌላ ምን አለ ብለሽ ጠይቀሻል። አባታችሁ «ቴክኒክ የወደቀ ልጅ የሚገባበት ነው» ማለታቸውም እንዳሳዘነሽ ጽፈሻል። እኔ እዚሁ ከተማ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ በደረጃ ከሚሰጠው ሥልጠና ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፤ ዛሬም የምተዳደረው በዚያው ሙያ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

መልሴን ላስቀድም። የመንግሥት ነው የግል ነው የሚለውን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ወርክሾፑን እዪ። ቀጥሎ ኮሌጁ ሰልጣኞቹን የት ድርጅት ልኮ እንደሚያሠራ ጠይቂ። እነዚህ ሁለቱ ካሉ ልጁ ሙያ ይዞ ይወጣል። ከሌሉ ሕንፃው የቱንም ያህል ቢያምር ይዞ የሚወጣው ወረቀት ብቻ ነው።

አባታችሁ የሚናገሩት ከስጋት ነው፣ ይገባኛል። ግን ቁጥሩን ንገሪያቸው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። የቀረው ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው ሊባል አይችልም። ድሮ ቴክኒክ የሚላከው በ10ኛ ክፍል ፈተና ወደ መሰናዶ ያላለፈው ነበር። ያ ፈተና ቀርቷል። ዛሬ ወንድምሽ አጠገብ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ እንደሱ 12ኛን የጨረሱ ልጆች ናቸው።

ደግሞስ ባሕር ዳር እንዴት ከተማ ሆነች? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ተቋቋመ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። የእርሻ መሣሪያ፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ የሚያሠለጥን ቤት ነበር። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱ የተወለደው ከዚያና የመምህራን ማሠልጠኛ ከነበረው ከፔዳጎጂው ነው። ሙያ ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። የቀድሞው ግቢ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ሰዉ «ፖሊ» የሚለው እሱን ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚሰጠው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ባጃጅ ሲይዝ «ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ» ብሎ አስረግጦ ይናገር። አለዚያ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያወርዱታል።

አሁን ወደ ወርክሾፑ። ሬጅስትራር ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት «ሥልጠናውን ማየት እንፈልጋለን» በሉ። በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂዱ። ደህና ኮሌጅ አይከለክላችሁም። ስትገቡ ማሽኑ አዲስ ነው አይደለም ብላችሁ አትድከሙ። የልምምድ ሰሌዳውን እዩ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ሰልጣኞች ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት እየገጠሙ የሚለማመዱበት የጣውላ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው በብሎን ቀዳዳ ተበሳስቶ ወንፊት ከመሰለ ደስ ይበላችሁ፤ እዚያ ቤት ይሠራል ማለት ነው። ንጹሕ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ለጉብኝት የተቀመጠ ነው።

ግድግዳው ላይም የመሣሪያ ማስቀመጫውን እዩ። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ከመጣ ወዲህ ኮሌጆቹ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ ያስተምራሉ። የፒንሳው፣ የመዶሻው፣ የመፍቻው ቅርጽ ሰሌዳው ላይ በቀለም ይሳላል፤ የጎደለ ዕቃ ካለ ወዲያው ይታያል። ቅርጹ ተስሎ መሣሪያው ከሌለ የት እንዳለ ጠይቁ። «ሰልጣኞች እየሠሩበት ነው» ካሏችሁና እውነትም ሲሠሩበት ካያችሁ ጥሩ ነው። «ስቶር ተቆልፎበታል» ካሏችሁ ወንድምሽም ዓመቱን ሙሉ ያንኑ መልስ ነው የሚሰማው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ሰልጣኞቹን ለብቻቸው አናግሯቸው። ለአንድ ሞተር ስንት ሆነው እንደሚሠሩ ይነግሯችኋል።

ሁለተኛው ነገር የትብብር ሥልጠናው ነው። አሠራሩ ሰልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶውን ኮሌጅ ውስጥ እንዲያሳልፍ ነው የታሰበው። በተግባር ግን ከኮሌጅ ኮሌጅ፣ ከክፍል ክፍል ይለያያል። አንዳንዱ ኮሌጅ ደብዳቤ ጽፎ «ድርጅት ፈልጋችሁ ግቡ» ይላል። ልጁ የአጎቱ ሱቅ ተቀምጦ ፎርሙን አስፈርሞ ይመለሳል። ሌላው ግን ከጋራዡ፣ ከሆቴሉ፣ ከብረታ ብረት ቤቱ ጋር ውል አለው፤ አሠልጣኙም እየሄደ ይከታተላል። የዚህ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከራሴ ልንገርሽ። እኔ የወጣሁት ዲናሞ ወደሚጠቀለልበት፣ ማለትም የተቃጠለ ሞተር ሽቦው እንደ አዲስ ወደሚጠመጠምበት ቤት ነበር። ከገጠር የወፍጮ ሞተር ተቃጥሎ ይመጣል። ኮሌጅ ውስጥ ስታር ዴልታ የሚባለውን የሞተር ማስነሻ በወረቀት ስዬ፣ በሰሌዳ ገጥሜ ነበር። ሦስት ኮንታክተር (ኃይል የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ)፣ አንድ ታይመር፣ አንድ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው)። ሞተሩ ሲነሳ በስታር ይነሳና የሚስበው ከረንት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ይዞራል። የስታሩና የዴልታው ኮንታክተር አብረው እንዳይገቡ መጠላለፍ አለባቸው፤ አብረው ከገቡ ሾርት ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣው ነበር።

እዚያ ቤት ግን ሞተሩ ለምን እንደተቃጠለ መመርመር ተማርኩ። ክዳኑ ሲከፈት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ይወጣል። ከሦስቱ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) የአንዱ ጥቅል ጠቁሮ ሁለቱ ደህና ከሆኑ ብዙ ጊዜ በዴልታ ሲሠራ አንድ ፌዝ ጎድሎበታል ማለት ነው። ወፍጮው አጓርቷል፤ ባለወፍጮው ግን ሳያጠፋው ቆይቷል። እንግዲህ ብትጠቀልዪለትም ኦቨርሎዱን ካላስተካከልሽለት ተመልሶ ይመጣል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ አሮጌውን ሽቦ ከመቁረጣችን በፊት ዙሩን ያስቆጥሩን ነበር። የሽቦው ውፍረት በማይክሮሜትር ይለካል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። ካልተጻፈ ፒንሳ አያስነኩንም። ዛሬ ከባለወፍጮዎች የማገኘው እንጀራ የመጣው ከዚያ ደብተር ነው። ኮሌጁ ከዚያ ቤት ጋር ባይስማማ ኖሮ ሥዕሉን ብቻ ይዤ እቀር ነበር።

ከዚያ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ አለ። ለየደረጃው የብቃት ምዘና ይወሰዳል፣ በጽሑፍም በተግባርም። መዛኙ ያስተማረሽ ሰው አይደለም፤ ከውጭ ይመጣል። ውጤቱም ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው፤ ኤ ቢ ሲ የለም። የተግባሩ ቀን ሥዕል ይሰጥሻል፣ ሰዓት ይያዝልሻል። ዕውቀት እያላቸው በፍርሃት የሚወድቁ አሉ። ኃይል ከመልቀቅሽ በፊት በመልቲሜትር ማረጋገጥ፣ ጓንት ማድረግ፣ ቦታውን አጽድቶ መጨረስ ሁሉ ይታያል። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሲኦሲ ወረቀት ነው። ስለዚህ ኮሌጁን «ባለፈው ዓመት ከዚህ ክፍል ምዘና ከወሰዱት ስንቱ ብቁ ሆኑ?» በይው። የሚኮራበት ካለው ሳያመነታ ይነግርሻል።

የግል ኮሌጅ መጥፎ ነው አልልም። በደንብ የሚያሠለጥኑ አሉ። ግን እውቅናቸውን አጣሩ። እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሙያና ለእያንዳንዱ ደረጃ ነው። አንዲት ጓደኛዬ በአንድ የግል ኮሌጅ ከፍላ እስከ ደረጃ 4 ተማረች። ኮሌጁ ለዚያ ሙያ እውቅና የነበረው ግን እስከ ደረጃ 3 ነበር። ምዘና ልትመዘገብ ስትሄድ ነው የሰማችው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። የደስታዋን ቀን ነው ያበላሹባት። የእውቅናውን ወረቀት በዓይናችሁ እዩ፣ ቀኑንም ጭምር። ከተጠራጠራችሁ የሚመለከተው የክልሉ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የትኛው ሙያ ያዋጣል ላልሽው፣ ልጁ ምን እንደሚወድ አልጻፍሽም። እሱን ሳትጠይቂ አትምረጪለት። የገበያውን ነገር ግን እንደማየው ልንገርሽ። አካውንቲንግና አይሲቲ የተመረቀ ብዙ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ተመራቂው ብዛት አይደለም። ሆቴልና ቱሪዝም ባሕር ዳር ላይ ጥሩ ነበር፤ ቱሪስቱ ከቀነሰ ወዲህ ሆቴሎቹ እጃቸውን ሰብስበዋል። ሰላሙ ሲመለስ ይነሳል ብዬ አምናለሁ፤ ለዘጌ ልጅ ደግሞ ጀልባውም ገዳማቱም ደጁ ናቸው። ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ ቧንቧ፣ አውቶ ግን ሥራቸው አይደርቅም። ግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የአባይ ድልድይ፣ የኮሪደር ልማቱን የመንገድ መብራትና የእግረኛ መንገድ አስቢው። ያንን ሁሉ የሚገጥመውና የሚጠግነው ባለሙያ ነው። የሚበይድ ልጅ ደግሞ ሥራ ፈቶ አላየሁም።

ግቢው ውስጥ ምን አለ ላልሽው ደስ የሚለው የክህሎት ውድድሩ ነው። በየዓመቱ በኮሌጅ ይጀመርና ወደ ክላስተር (የአካባቢው ኮሌጆች ስብስብ)፣ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ አገር አቀፍ ያልፋል። ሰልጣኝም አሠልጣኝም ይወዳደራል። አንዱ ክፍል በተሰጠው ሰዓት ሠርቶ ማሳየት ነው፣ ሌላው የፈጠራ ወይም የተሻሻለ ማሽን ማቅረብ። እዚህ አካባቢ የሚሠራው ማሽን ሐይቁን ይመስላል። ለፎገራ ገበሬ የሩዝ መውቂያ ያሻሻሉ ነበሩ። እምቦጭ ከጣና የሚያወጣ መሣሪያ ሞክረው ያቀረቡም አይቻለሁ። ሁሉም አይሳካም፤ ግን ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ ውኃ ላይ አውርዶ የሞከረ ልጅ ተመልሶ እንደ ድሮው አይሆንም። ወንድምሽ የመጀመሪያው ዓመት ላይም ቢሆን ረዳት ሆኖ ይግባበት። ዕቃ እያቀበለ ነው የሚማረው።

ከዚያ ሌላ አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ፣ የሥራ ፈጠራ ክበብ አለ፣ ችግኝ ተከላና ኳስም አለ። ስልክ ካለው በ2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጎን ለጎን ይሞክር። በኢንተርኔት ነው፣ ነፃ ነው፣ ሲጨርስ ሰርተፊኬት አለው። ታናሽ እህት ካለችሽም ለእሷም ጭምር ልበልሽ፤ ሴት ልጅ ኤሌክትሪክ፣ አውቶ ትግባ። እኔ ስገባ ክፍላችን ውስጥ ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ዛሬ ባል የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ቤታቸው መብራት ሲበላሽ እኔን ይጠራሉ። ይህ ገበያ ሰው የማያስበው ገበያ ነው።

ከምረቃ በኋላ መቀጠርም አለ፣ ተደራጅቶ መሥራትም አለ። ተደራጅተው ከፀደይ ባንክ፣ ከቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ማለቴ ነው፣ ተበድረው ብየዳ ቤት የከፈቱ አውቃለሁ። በዋስ ነገር የተለያዩም አሉ። ከማን ጋር እንደሚደራጅ ትምህርት ላይ እያለ ይወቅ፤ አብሮ ሠርቶ ያየውን ሰው ይያዝ።

ስለ ኑሮው፣ ከዘጌ እየተመላለሰ አይችለውም። የመንገዱን ነገር አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከኮሌጁ በእግር የሚደረስበት ቦታ፣ ከአንድ ሁለት ልጆች ጋር ሆኖ ክፍል ይከራይ። ብትችሉ ቀን ይማር፣ የማታውን አልመክርም። ማታ ሲሆን የወርክሾፕ ሰዓቱ ይጠባል፤ ሲመሽ ወደ ቤት መመለሱም ሐሳብ ነው። ብር ካላችሁ በመጀመሪያው ወር ቱታ፣ ጠንካራ ጫማና የራሱን ቴስተርና ፒንሳ ግዙለት። መልቲሜትሩ ይቆይ፤ የሚሆነውን ከአሠልጣኙ ጠይቆ ይግዛ። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወጣ ማስታወቂያውን ከኮሌጁ በር ላይ ራሱ ያንብበው፣ በወሬ አትመኑ። ሲመጣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ዋናውንና ኮፒውን፣ የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕቱን፣ የቀበሌ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይያዝ። ኤሌክትሪክ ከመረጠ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የጠቀለልንበትን ቤት አሳየዋለሁ።