«ቤቱ ማታ ማታ ይንኳኳል» ላለችው የአዳማ እኅታችን

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በቅርቡ ተከራይታችሁ በገባችሁበት ቤት ምሽት ላይ ከኮርኒሱ በላይ «ቷ! ቷ!» የሚል ድምፅ እንደሚሰማ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር አጉረምርሞ በኃይል እንደሚመታ ጽፈሻል። ልጅሽ ብቻውን መተኛት ፈርቷል፤ አማትሽም «ይህ ቤት ነገር አለበት፣ ልቀቁ» ብለዋል። አዳማ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የቧንቧና የጣሪያ ጥገና ስሠራ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ያልደረሰኝ ዓመት አላስታውስም። ስለዚህ ዕቃ ለመጫን አትቸኩሉ። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ የጻፍሽው የአንድ ነገር ድምፅ አይደለም፤ ሁለት ነው። ሰው ሲፈራ የሰማውን ሁሉ አንድ ላይ ያስርና አንድ ባለቤት ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ፍለጋው ይጠፋበታል። ለይተሽ ያዣቸው። ከዚያ «ከየት መጣ?» ከማለትሽ በፊት «መቼ መጣ?» በዪ። ቆርቆሮም ቧንቧም ድምፅን ይዞ ይሮጣል፤ መታጠቢያ ቤት ጥግ የተመታ ቧንቧ መኝታ ቤት ራስጌ ላይ ይሰማል። ስለ ቦታው ጆሮሽን አትመኚ፤ ሰዓቱን እመኚ። ደብተር አልጋሽ አጠገብ አስቀምጪና ድምፁ የመጣበትን ሰዓት፣ ነፋስ መኖር አለመኖሩን፣ ውኃ መምጣት አለመምጣቱን፣ መብራት መኖር አለመኖሩን ጻፊ። ጥቂት ሌሊት ከጻፍሽ ደብተሩ ራሱ መናገር ይጀምራል።

የምሽቱ «ቷ» በእኔ ግምት የቆርቆሮው ነው። የአዳማን የቀትር ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮ ቀን ሙሉ ሲግል ይረዝማል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይቀዘቅዝና ያጥራል። ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በቀነሰ ቁጥር በየሜትሩ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በ30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰበሰባል። ሚስማሩ ደግሞ ከሞራሌው (ከጣሪያው እንጨት) ጋር ጠፍሮ ይዞታል። ቆርቆሮው ይጎትታል፣ ሚስማሩ ይይዛል፣ በመጨረሻ ያመልጥና «ቷ!» ይላል። ከዚያ ቀጣዩ ሚስማር ይከተላል፤ ለዚህ ነው ሰው እየተራመደ የሚመስለው። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣበትም ይኸው ድምፅ ይመለሳል። ዝናብ በዋለበትና ደመናው ባልተገለጠበት ቀን ከጠፋ ወይም ከቀነሰ ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ። ቤቱን አይጎዳውም። የላሉ ሚስማሮችን የጎማ ቀለበት ባለው ብሎን ማስቀየር ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ያጠፋዋል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።

ሌሊት 9 ሰዓት የሚመጣው የኔ ሙያ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከተማችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚደርሳት፤ ብዙ ሰፈር ደግሞ የሚደርሰው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። ውኃው ሲቋረጥ ቧንቧው በአየር ይሞላል። ተመልሶ ሲመጣ አየሩን እየገፋ ስለሚገባ ይንጎራጎራል፣ ያስላል፣ ያፏጫል። ጉርምርምታው ይህ ነው። በኃይል የሚመታው ግን ሌላ ነው። የሚሮጥ ውኃ በድንገት ሲዘጋበት ጉልበቱ የሚሄድበት ስለሌለው ቧንቧውን ይመታል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውኃ በቅጽበት ቢቆም ግፊቱ ከ10 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ሊዘል ይችላል። በግድግዳው ውስጥ በደንብ ያልታሰረ ቧንቧ ካለ ይዘላል፣ ብሎኬቱን ይመታል፣ ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል።

ታዲያ ሁሉም ተኝቶ ማን ነው ውኃውን የሚዘጋው? ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ታንከሩ ሊሞላ ሲል ኳሱ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃው ሲናወጥ ኳሱም ከፍ ዝቅ ይላል፤ መዝጊያው ይከፈታል ይዘጋል፣ ይከፈታል ይዘጋል። በተዘጋ ቁጥር አንድ ምት ነው። ሌሊት ውኃ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ስለሆነ ግፊቱ ከቀኑ ይበልጣል፤ ምቱም ይበረታል። ከቦኩ አቅጣጫ ባለ አንድ ግቢ ተከራዮች ተከታትለው የለቀቁበት ቤት ነበር። ስለዚያ ቤት የሚወራው ብዙ ነው፤ እዚህ አልደግመውም። የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ በመጨረሻ ጠርተውኝ ሌሊቱን እዚያው አደርኩ። ውኃው መጣ፤ ታንከሩ ሊሞላ ሲቃረብ ግድግዳው መመታት ጀመረ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ኳሱን በእጄ ስይዘው ቆመ። ስለቀው ተመለሰ። ያረጀውን መዝጊያ ቀየርን፣ ወደ ታንከሩ የሚወጣውን ቧንቧ በየቦታው አሰርን፣ የመግቢያውን መክፈቻ በከፊል ዘጋን፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተመለሰም። የሴትዮዋ ኪሳራ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የአንድ መዝጊያ ዋጋ የስንት ወር ኪራይ በላባቸው!

አንቺም በቀላሉ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ሮቶው ሞልቶ ባደረበት ቀን ማታ ከመተኛትሽ በፊት የውኃ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ አጥብቀሽ ዝጊ። ያን ሌሊት ድምፁ ከቀረ የውኃ ነው። ካልቀረ በሚቀጥለው ሌሊት ዋናውን ብሬከር አውርጂ፤ ያኔ ከቀረ የማቀዝቀዣ፣ የስታቢላይዘር ወይም የውኃ መግፊያ ሞተር ድምፅ ነው። ሁለቱም ተዘግተው የሚሰማ ድምፅ ከጣሪያ፣ ከነፋስ ወይም ነፍስ ካለው እንስሳ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቆጣሪውን መዝጊያ መልሰሽ ከፍተሽ፣ ውኃው ባለበት ሰዓት፣ ሮቶው ሞልቶ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ቆጣሪውን ተመልከቺ። ትንሿ መዘውር ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነውና ጊዜ አትስጪው።

አንድ ድምፅ ግን ሌሊት የሚያስጠብቅ፣ ደብተር የሚያስይዝ አይደለም። ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የብሬከር ሳጥን ውስጥ «ጥዝዝ» ወይም «ጭርርር» የሚል ነገር ከሰማሽ፣ ሽፋኑ ከሞቀ፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ከሸተተሽ ወዲያው ዋናውን አውርጂና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪ። የላላ ሽቦ እሳት ነው። ልጅ ያለበት ቤት ነውና እባክሽ ይህን ቸል አትበዪ። ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም ግን የተለመደ ነው።

ነፋሱን ደግሞ አንርሳ። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ነፋስ ጠርዙ የላላ ቆርቆሮ ይርገበገባል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጫፉ ክፍት የሆነ ብረት ነው። በር፣ የመስኮት ፍርግርግና የበረንዳ አጥር የሚሠራበት ውስጡ ባዶ ብረት ቀዳዳ ከቀረበት ነፋስ እንደ ዋሽንት ይነፋዋል፤ ድምፁም ሰው የሚያቃስት ይመስላል። ነፋስ ባለበት ሌሊት ብቻ የሚያለቅስ ቤት ካጋጠመሽ ቀዳዳዎቹን በእጅሽ እየደፈንሽ ሞክሪ፤ ድምፁ የቆመበትን ቀዳዳ ስታገኚ በስቱኮ መዝጋት ብቻ ነው።

እንስሳ ከሆነም በሰዓቱ ይለያል። አይጥ ሌሊት ፈጥኖ ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ ይፍቃል። ድመት ከባድ ናት፤ ዘላ ስታርፍ ይታወቃል። እርግብ ጎሕ ሲቀድ ትጀምራለች። የሌሊት ወፍ ሲመሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፤ ጩኸቱ ቀጭን ነው፣ የኩሱ ሽታም ኃይለኛ ነው። ከተጠራጠርሽ በኮርኒሱ መክፈቻ በኩል ዱቄት ወይም አመድ በስሱ አስነስንሺ፤ ጠዋት ዱካውን ታያለሽ። ለአይጥ መርዝ ኮርኒስ ላይ ማስቀመጥ አልወድም፤ እዚያው ሞቶ ይሸታል፣ ለልጅም አደጋ ነው። መግቢያውን በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ መድፈን ይሻላል፤ የአይጥ ግልገል እስክሪብቶ በሚያስገባ ቀዳዳ ያልፋል። የሌሊት ወፎቹ ማታ መውጣታቸውን ሳታረጋግጪ ግን አትድፈኚ። ነፍሳት የሚበሉ ናቸውና መግደል አያስፈልግም። ኩሱም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በደረቁ አይጠረግም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውኃ ረጭቶ ነው።

ጆሮሽን እንጨት ላይ ስታስጠጊ ብቻ የሚሰማ ደረቅ ኮሽታ ካለ ምስጥ ሊሆን ይችላል። በካቻቪቴ እጀታ አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል። ይህ ጣሪያ የሚያወርድ ነገር ነውና ለባለቤቱ በቶሎ ይነገር።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ስላስደነገጠ አሁን መስኮት በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚወጣ አለ። የጅቡቲ መንገድ ዳር ያለ ቤት የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ በስቱኮ ማጥበቅ ይበቃዋል። ሆኖም ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካየሽ በጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገሽ ቀኑን ጻፊበት። ምልክቱን አልፎ ከሄደ መሐንዲስ ይየው።

ስለ አማትሽ አንድ ነገር ልበል። ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ። ይጸልዩ፣ ጠበልም ይርጩ፤ ጸሎት ቆጣሪ ከመዝጋት አይከለክልም። ልጁንም ቀን ላይ ይዘሽው ቆጣሪውንና ሮቶውን አሳዪው፣ መዝጊያውን ራሱ ይዝጋው። ለባለቤቱ ግን ከአፍ ይልቅ በስልክ መልእክት ጻፊለት፤ ደብተርሽ ላይ ያሉትን ሰዓቶች ጨምሪበት፤ በግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧና ጣሪያ ላይ ያለ መዝጊያ ያንቺ ወጪ ሊሆን አይገባም።

ቆጣሪውን ዘግተሽ ባደርሽበት ሌሊት ድምፁ ከቀረ፣ የሮቶውን ክዳን ወደ ጣሪያ መውጣት በለመደ ሰው አስከፍተሽ የኳሱንና የመዝጊያውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ። የትኛውን መለዋወጫ እንደምትገዢ እነግርሻለሁ።