ኤክስሬይ ተነስቶ እያለ ሲቲ ስካን ለምን?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የ34 ዓመቱ ወንድሜ አይሱዙ ጋቢና ተቀምጦ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ መኪናው ተጋጨ። ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ። ዳሌው ወልቆ ነበር፤ በሰመመን መለሱለት። ኤክስሬይ ሲነሳ ግን ስብራትም ተገኘበት። አሁን ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ስሪዲ ሲቲ ስካን አንስታችሁ አምጡ» ተባልን። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ኤክስሬዩ ካሳየ ሌላ ወጪ ለምን? ጨረሩስ አይጎዳውም? አባታችን ደግሞ «ወጌሻ ይየው» ብለው ይዘውናል።

መልስ፦ እግዜር ይማረው። እስቲ ሙቀጫና ዘነዘና ያስቡ። ዳሌ ላይ ያለው ጎድጓዳ አጥንት ሙቀጫው ነው፤ የጭን አጥንት ራስ ዘነዘናው። ጉልበት ከፊት ሲመታ ዘነዘናው ወደ ኋላ ይገፋና የሙቀጫውን የኋላ ከንፈር ይሰብራል። ጋቢና በተቀመጠ ሰው ላይ የታወቀ ጉዳት ነው፤ የወንድምዎም ይኸው ይመስለኛል።

ኤክስሬይ ጥላ ነው። የፊቱም የኋላውም አጥንት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ይታያል። መሰበሩን ይነግረናል። ቁራጩ ወዴት እንደዞረ፣ መጋጠሚያው ውስጥ የገባ ስባሪ ይኑር አይኑር ግን በደንብ አይለይልንም።

ሲቲ ስካንም የሚሠራው በዚያው ጨረር ነው። መሣሪያው ዙሪያውን እየዞረ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ ዳሌውን እንደ ስስ እንጀራ በንጣፍ በንጣፍ ያወጣዋል። እንጀራዎቹ መሶብ ውስጥ መልሰው ሲደራረቡ ስሪዲ የሚባለው ምስል ይሆናል። በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የመጀመሪያው ታካሚ ሲነሳ ለአንድ ንጣፍ ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ዛሬ ዳሌው በሙሉ በሰከንዶች ያልቃል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ስክሪኑ ላይ ዘነዘናውን እናነሳዋለን። ባዶውን ሙቀጫ ከውስጥ እናያለን፣ እያዞርን እንመረምረዋለን። ቀዶ ሐኪሙ ከፊት ይግባ ወይስ ከኋላ፣ ብረቱ ምን ያህል ይርዘም፣ ብሎኑ በየት ይለፍ የሚለውን ቢላ ሳያነሳ ያስብበታል። ደህናውን ጎን እንደ መስታወት ገልብጦ ከተሰበረው ጋር ማስተያየትም ይቻላል።

ስሪዲው ግን ያታልላል። ኮምፒውተሩ ምስሉን ሲያለሰልስ ቀጭን ስንጥቅ ሊውጥ ይችላል። ወጣት ሐኪም ሳለሁ በምስሉ ውበት ተማርኬ፣ ጠፍጣፋዎቹ ንጣፎች ላይ ቁልጭ ብላ የምትታይ ስባሪ አልፌያት ነበር። አለቃዬ ናቸው ያዩዋት። ስለዚህ ሁለቱም ይታያሉ።

አደራ የምለው ይህን ነው፦ ፊልሙንና የጽሑፍ ውጤቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሲዲውን ተቀበሉ። ፊልም አይዞርም። ከመነሳቱ በፊትም «ንጣፉ አንድ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ይሁንልን» በሉ። አምስት ሚሊሜትር ከሆነ ስሪዲው እንደ ማሳ እርከን ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ለቀዶ ሐኪሙም ብዙ አይጠቅመውም።

የጨረሩ መጠን ለዳሌ ከ6 እስከ 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ሰው ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ገደማ ስለሆነ፣ የጥቂት ዓመት ድርሻውን በአንዴ ወሰደ ማለት ነው። (እናንተ መንዞች ደጋ ላይ ስለሆናችሁ ከሰማዩ በኩል ትንሽ ይጨመርላችኋል።) ወደፊት ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ዜሮ ባይሆንም በጣም ትንሽ ነው። መጋጠሚያው ተንጋዶ ቢገጥም የሚመጣው ሕመም ይብሳል። ለአጥንት ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አያስፈልግም። ይሰጥ ከተባለ የኩላሊት ችግር ወይም አለርጂ ካለው ቀድማችሁ ተናገሩ።

አባታችሁን በአክብሮት እምቢ በሏቸው። ወጌሻ ለስንቱ ወለምታ ባለውለታችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይሆንም። ከስብራቱ ጀርባ ትልቁ የእግር ነርቭ ያልፋል፤ ቢያሹት ዳሌው ዳግም ሊወልቅና ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

እና ፍጠኑ። ይህ ኦፕራሲዮን የሚቀናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ በተዛባበት መያያዝ ስለሚጀምር ሥራው ይከብዳል። ስትጓዙ በጀርባው ይተኛ፤ ጭኑ እንዳይታጠፍ፣ እግሩን እንዳያጣምር። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው፣ ባቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን የሲቲ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።