ሦስት አካል ማለት ሦስት ብልት (የሰውነት ክፍል) ነውን?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እማራለሁ። ሙስሊም ጓደኛዬ «ሦስት እያላችሁ እንዴት አንድ ትላላችሁ?» ብትለኝ «እኔም ራስ፣ እጅና እግር አለኝ፤ ግን አንድ ሰው ነኝ፤ ሥላሴም እንደዚያ ነው» አልኋት። እርሷም «እጅሽ ቢቆረጥ አንቺ አለሽ። አምላካችሁም እንዲህ ይከፈላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የቱ ላይ ተሳሳትሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛሽ አስተዋይ ናት። ያፈረሰችው ያንቺን ምሳሌ እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አይደለም፤ ምሳሌው ደግሞ መፍረስ ነበረበት።

ያሳሳተሽ «አካል» የሚለው ቃል ይመስለኛል። አናቶሚ ስትማሪ «የአካል ክፍሎች» ትያለሽ፤ ሰፈር ውስጥም እጁን ያጣ ሰው «አካሉ ጎደለ» ይባላል። በጉባኤ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግን፣ አካል ሲባል በራሱ የቆመ፣ «እኔ» የሚል ማለት ነው። እጅሽ «እኔ» ብሎ ያውቃል? አብ ግን በዮርዳኖስ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» አለ። ወልድ «እኔና አብ አንድ ነን» አለ። መንፈስ ቅዱስም በአንጾኪያ «በርናባስንና ሳውልን ለጠራኋቸው ሥራ ለዩልኝ» አለ (ሐዋ. 13፥2)። «ለዩልኝ» የሚል ብልት የለም።

ደግሞም እጅሽ የሰው ክፍል ነው እንጂ ሰው አይደለም። አብ ግን የመለኮት ሲሶ አይደለም፤ ፍጹም አምላክ ነው። ወልድም መንፈስ ቅዱስም እንዲሁ። ሦስት አማልክት ግን አንልም፤ መለኮታቸው፣ ፈቃዳቸው፣ ሥልጣናቸው አንድ ነውና። ጌታም «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም» አለ እንጂ «በስሞች» አላለም። ጠዋት ስታማትቢ «አሐዱ አምላክ» ብለሽ የምትጨርሺውም ለዚህ ነው።

የብልቶችሽ ምሳሌ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች (1ኛ ቆሮ. 12) ዓይን እጅን «አታስፈልገኝም» ሊላት አይችልም ያለው ስለ እኛ፣ ስለ ምእመናን አንድነት ነው። ወደ ሥላሴ ሲወሰድ ነው የሚሰበረው። «አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለሚስቱ ባል፣ ለተማሪው መምህር ነው» የሚለውንም እንዳትሞክሪው፤ አንዱን አካል በሦስት ስም የጠራው የጥንቱ መናፍቅ ሰባልዮስ የተወገዘበት ነው።

አባቶች ከሰው ምሳሌ ሲወስዱ ከነፍስ ይወስዳሉ። ነፍስ አንዲት ናት፤ ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ አላት። (ልብ ሲሉ ደም የሚረጨውን ጡንቻ ሳይሆን ማሰቢያውን ነው፤ ሐኪም ነሽና ላስጠንቅቅሽ።) ሦስቱ አካላትም እንዲሁ በአብ ልብነት ያስባሉ፣ በወልድ ቃልነት ይናገራሉ፣ በመንፈስ ቅዱስ እስትንፋስነት ሕያዋን ናቸው። ይህንስ ከትምህርትሽ ጋር ብታስተያዪው አይከፋም፦ ያሰብሽው በቃል ሲወጣ ትንፋሽ አብሮት ይወጣል፤ የጉሮሮሽን አውታሮች የሚያርገበግባቸው ያው ትንፋሽ ነው። ሐሳቡ ቃሉን ሲወልድ ከሐሳብነቱ አልጎደለም፤ ቃሉም ወጣ ብለሽ ከልብሽ አልተለየም።

ይህም ቢሆን ዳር አለው። ያንቺ ቃል ተነግሮ ይጠፋል፤ የአብ ቃል ግን የራሱ አካል ያለው፣ ቅድመ ዓለም ያለ እናት የተወለደ ነው። ያንቺ ትንፋሽ አየር ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ግን ጌታ ነው፣ ማሕየዊ (ሕይወት ሰጪ) ነው። በ381 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች በጸሎተ ሃይማኖት ያጸኑልን ይህንኑ ነው።

ጎንደር እያለሽ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሩቅሽ አይደለም። ስትገቢ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ነው የሚያየው። አንቺ ግን በመቅደሱ በኩል ያለውን የሥላሴን ሥዕል አስተውዪ። ሠዓሊው ሦስቱንም በአንድ መልክ፣ በእኩል ሽበት ነው የሣላቸው። አብን አዛውንት፣ ወልድን ጎልማሳ አላደረገም፤ ወላዲ ከተወላዲ በዘመን አይቀድምምና።

ለጓደኛሽም «እውነትሽን ነው፣ ምሳሌዬ ልክ አልነበረም» በያት። ቀጥላ «ታዲያ ወልድ ሥጋ ሲለብስስ?» ማለቷ አይቀርም፤ እርሱ የምሥጢረ ሥጋዌ ጥያቄ ነውና ሳትመልሺላት በፊት ወደ እኔ ብቅ በዪ።