መልስ፦ ከልጄ ሴሊያክ በኋላ ሌሊት አለቅሳለሁ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ልጅሽ ሴሊያክ (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለባት ጽፈሽ፣ «አያቷም ትንሽ ዳቦ ምን ያደርጋታል ይሉኛል» ብለሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ተጋላጭነቱ በዘር የሚመጣ ነው፤ አንቺ ያበላሸሽው ነገር የለም።

እኔም ሴሊያክ ያለበትን ልጄን ባሕር ዳር ነው ያሳደግሁት። ምግቡ ብዙም አልከበደኝም፤ ጤፍም ዳጉሳም እዚሁ አለ (ጤፉ ገብስ ያልተቀላቀለበት ይሁን እንጂ)። የከበደኝ ከቤት መውጣቱ ነው። አንዴ ጣና ዳር ዓሣ አዘዝን፤ ለካ በስንዴ ዱቄት ተለውሶ ነው የተጠበሰው። ልጄ ሳህኑን ቀስ ብሎ ገፋና «እማዬ፣ አልራበኝም» አለኝ። ያን ማታ ለባለቤቴ የሆዴን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት አብረን ነው የምንሄደው።

አያቷንም ይዘሻቸው ሂጂ። ፍርፋሪም እንደሚጎዳት ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙ ይለያል። እንቅልፍ ከነሳሽ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ አናግሪ፤ አያሳፍርም። ልጅቷን ብቻ «ምስኪን» አትበያት፣ አደራ።